የግንቦት ሰርግ በድሬዳዋ፦ የአንድ ድግስ የጉዳይ ጥናት

በ2016 ዓ.ም. ፋሲካ የዋለው ሚያዝያ 27 ነው። ለሌላው ሰው ተራ ቀን ቢሆንም ለእኛ ቤት የከረመ ራስ ምታት ነበር። ዳግም ትንሣኤ ግንቦት 4 ላይ ስላረፈ፣ በዚያ ዓመት ከፋሲካ በኋላ ልጁን የሚድር ሰው ከግንቦትና ከሰኔ ሌላ ወር አልነበረውም። ግንቦት ደግሞ ሁለት ጣጣ አለው። አንደኛው የአያቴ ነው፦ «በግንቦት አይዳርም።» ሁለተኛው የድሬ ነው፦ ግንቦትና ሰኔ ከተማችን የምትጋይባቸው ወራት ናቸው፤ ሙቀቱ ከ35 ዲግሪ ሲያልፍ ዞር ብሎ የሚያየው የለም።

«በጥር ለምን አልሆነም?» ላለ ሁሉ መልሱ አጭር ነበር። ሙሽራው የሚኖረው ቨርጂኒያ ነው፤ ፈቃድ ያገኘው ለሜይ ነው። ከጥምቀት ጀምሮ ዓቢይ ጾም እስከገባበት እስከ መጋቢት 2 የነበረው የሰርግ ወቅት እሱ ሳይመጣ አለፈ። የንስሐ አባታችን አያቴን ቁጭ አድርገው፣ ጾም እስካልሆነ ድረስ ቤተ ክርስቲያን ግንቦትን እንደማትከለክል፣ እስከ ጰራቅሊጦስ ሰኔ 16 ድረስም የፍስክ ጊዜ እንደሆነ አስረዱልን። አያቴ ሰማች፣ አልተቀበለችም፣ ዝም አለች። ቀኑ እሑድ ግንቦት 11 ተቆረጠ።

እኔ የሙሽሪት ታላቅ ወንድም ነኝ። ተወልጄ ያደግሁት ድሬ ነው፤ የምሠራውም ጤና ጣቢያ ነው። ሥራ ሲከፋፈል አንዱ ድንኳን፣ አንዱ ቢራ፣ አንዱ ከብት ያዘ፤ ለእኔ «ሙቀቱን አንተ ያዝ» ተባልኩ። ያን ጊዜ ቀልድ መስሎኝ ነበር። በኋላ ግን ደብተር ገዛሁ፤ ይህንን የምጽፈውም ከዚያ ደብተር ነው።

ቦታው

ከሙሽራው ወገን የመጣው የመጀመሪያ ሐሳብ «ሰርጉ ሐረር ይሁን» የሚል ነበር። አልተሳሳቱም። ሐረር ከእኛ ከ50 ኪሎ ሜትር ትንሽ ብትርቅ ነው፤ ከፍታዋ ግን ከ1,800 ሜትር በላይ ስለሆነ ድሬ በላብ ስትጠመቅ እዚያ ማታ ማታ ሹራብ ይደረባል። አባቴ አልሰማም አለ። «አርባ ዓመት ለቅሶዬን አብሮኝ ያለቀሰ ጎረቤት ትቼ፣ ልጄን ተራራ ላይ ወጥቼ ልዳር?» ነገሩ በዚያው አለቀ።

ሁለተኛው ሐሳብ የራሳችን ዘመድ ነው፦ ደቻቱ ወንዝ ዳር ሰፊ ሜዳ አለ፣ ነፋስ ያገኛል። እዚህ ላይ እኔ አፌን ሳልከፍት ሽማግሌዎቹ ቀደሙኝ። ደቻቱ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው፤ ዝናቡ የሚወርደው ግን ከላይ ደጋው ላይ ስለሆነ፣ ድሬ ጠብ ሳይል ጎርፉ ይደርሳል። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ በሌሊት የመጣው ደራሽ ከ250 በላይ ሰው ወስዷል። ያን ሌሊት ያየ ሰው ወንዝ ዳር ድንኳን አይተክልም። ሳቢያን ሰፈር ባለው ግቢያችን ይሁን ተባለ፤ ሁለት ትልልቅ የኒም ዛፎች አሉበት።

ድንኳኑ ሐሙስ ተተከለ። ዓርብ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ቴርሞሜትር ይዤ ሦስት ቦታ ለካሁ። ኒሙ ሥር 35፣ ከበሩ ውጭ አጥሩ ጥላ ላይ 37፣ አቧራ እንዳይገባ ተብሎ ጎኖቹ እስከ መሬት በተጋረዱት ድንኳን ውስጥ 42። ለጥላ ብለን የተከራየነው ነገር ምድጃ ሆኖ ቁጭ አለ። አከራዩ ቁጥሩን ሳሳየው «ሁሉም እንዲህ ነው የሚያስተክለው» አለኝ፤ እውነቱን ነው። ጎኖቹን ወደ ላይ ጠቀለልናቸው፤ ሞቃቱ አየር መውጫ እንዲያገኝ ከጣሪያው ሥር ክንድ የሚያህል ክፍተት አስተውን፤ ነፋሱ በሚመጣበት በኩል ጆንያ ውሃ እየነከርን ሰቀልን። የድሬ አየር ደረቅ ስለሆነ ውሃው ከጆንያው ሲተን ሙቀቱን ይዞ ይሄዳል። እርጥበት ባለበት አገር ይህ ዘዴ አይሠራም፤ እዚህ ግን በማግስቱ በዚያው ሰዓት ቁጥሩ 36 ሆነ። የድሮ ሰው ዳሱን በቅጠል ያለበሰው ለጌጥ ብቻ አልነበረም መሰለኝ፤ ቅጠል ፀሐይ ይጋርዳል፣ ነፋስ ግን አይዘጋም። ሸራ ሁለቱንም ይዘጋል።

ሰዓቱ

ድሬ የምትኖረው በጠዋትና በማታ ነው። ቀትር ላይ ሱቅ ይዘጋል፣ ወንዱ ሽርጡን አገልድሞ ጋደም ይላል፤ ከ9 ሰዓት በኋላ ከተማው እንደገና ይነቃል። ከአዲስ አበባ የተላከልን ፕሮግራም ደግሞ እንዲህ ይላል፦ ሌሊት ተክሊልና ቅዳሴ፣ በ5 ሰዓት ፎቶ፣ በ7 ሰዓት ምሳ። ለጎረቤታችን ለሐጃ ሳነብላቸው ከልባቸው ሳቁ። «ከዙህር እስከ ዐስር ሶላት ሰው ይጠራል እንዴ? በዚያ ሰዓት ሌባ እንኳ ይተኛል!»

የሙሽራውን አጎት በስልክ ለማሳመን ሦስት ቀን ፈጀብኝ። «በማታ የሚዳረው ምን የሚደበቅ ነገር ቢኖር ነው?» አሉኝ መጀመሪያ። ስለ ድሬ ሙቀት ብነግራቸው «እኛስ ሰው አይደለን፣ እንችለዋለን» አሉ። ያላመንኩት እዚህ ላይ ነው። ሁለት አውቶቡስ ሰው የሚመጣው ከአዲስ አበባና ከደብረ ብርሃን ነው፤ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ፣ ደብረ ብርሃን ወደ 2,800 ሜትር፣ ድሬ ወደ 1,200 ሜትር ናት። ሰውነት ሙቀት ለመልመድ፣ ማለትም ቶሎ ማላብንና በላብ የሚወጣውን ጨው መቆጠብን ለመማር፣ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ይፈልጋል። እነሱ የሚመጡት ለአራት ቀን ነው። እኔ የምችለውን 36 ዲግሪ እነሱም ይችሉታል ማለት፣ ዋና ስለማውቅ ልጄም ያውቃል እንደማለት ነው።

በመጨረሻ የታረቅነው በዚህ ነው። ቅዳሴው እንዳለቀ ሙሽሪት ወደ ቤቷ፣ ሙሽራው ወደ ሆቴሉ ይመለሳሉ፤ ቀትሩን ሁሉም ያርፋል። ሰርገኛው ሙሽሪትን ሊወስድ የሚመጣው በ11 ሰዓት ነው። ፎቶው ፀሐይ ስታዘቀዝቅ፣ እራቱ ከ12 ሰዓት ተኩል ጀምሮ። ሚዜዎቹ ጥቁሩን ሱፍ የሚለብሱት ቤተ ክርስቲያንና ፎቶ ላይ ብቻ ነው፤ ከዚያ ውጭ የሀገር ልብስ። (ሙሉ ልብስን «ሱፍ» ብሎ የሰየመ ሰው ድሬ ደርሶ አያውቅም።)

የሌሊቱ ጥማት

ብዙ የሰርግ ምክር «ሙሽሮች ውሃ በብዛት ይጠጡ» ይላል። ሥጋ ወደሙ ለሚቀበሉ ሙሽሮች ይህ ምክር አይሠራም፤ ከዋዜማው ጀምሮ ምግብም ውሃም አይቀምሱም። ከቆረቡም በኋላ ቀኑን ሙሉ የሚጠነቀቁት ነገር አለ፤ መትፋት የለም፣ ማስመለስ ደግሞ ከባድ ነገር ነው። ሙቀት የበረታበት ሰው መጀመሪያ ከሚሰማው አንዱ ማቅለሽለሽ ነው። ሁለቱን ሳገናኛቸው የ5 ሰዓቱ ፎቶ ምን ያህል እንደሚያስፈራኝ ገባኝ። እህቴ ሌሊት ሙሉ ሳትጠጣ፣ ካባ ደርባ ቆማ፣ ከዚያ ቀትር ላይ ፀሐይ ውስጥ ፈገግ በይ ልትባል ነበር።

ያደረግነው ቀላል ነው። ቅዳሜ ከጠዋት ጀምሮ በየሰዓቱ ውሃ አስጠጣኋት፤ ሽንቷ ነጣ ያለ እንደሆነ ሳይቀር ጠየቅኋት፣ «ወንድሜ አታሳፍረኝ» አለች። የመጨረሻው ምግቧ ጨው የበዛበት አልነበረም። ከቅዳሴ 3 ሰዓት ላይ ስትወጣ ቀጥታ ወደ መኪና፣ ከመኪና ወደ መኝታ ቤት። ቀስ እያለች ጠጣች፣ ትንሽ ቀመሰች፣ ተኛች። በዚህ በኩል ያሰብኩት ሁሉ ሠራ፤ ስለዚህም ተዝናናሁ።

8 ሰዓት

በ8 ሰዓት ከሩብ እኔም ጋደም ባልኩበት የመኪና ጡሩምባ ሰማሁ። ሰርገኛው መጥቷል፣ ከቀጠሮው ሦስት ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ቀድሞ። ምክንያቱን በኋላ ነው የሰማሁት፦ ያረፉበት ሆቴል መብራት ሄዶበት፣ ጄኔሬተሩም እንቢ ብሎ፣ ክፍሎቹ እንደ ድንኳኔ ሆኑ። አጎትየው «እዚህ ከምንቃጠል ሰርጉ ቤት ሄደን እንቃጠል» ብለው አስነሡ። እኔ ብሆንም ያንኑ አደርግ ነበር።

የእኛ ሴቶች ደግሞ ሰርገኛ ሲመጣ የሚያውቁት አንድ ነገር ነው። ከእንቅልፋቸው ብድግ ብለው፣ ነጠላቸውን አሸርጠው፣ በሩን ዘግተው መጨፈር ጀመሩ። ወጉ ነው፤ ሙሽራው እንዲሁ አይገባም፣ ይለመናል፣ ሚዜው ሽቶ ይረጫል፣ ይከራከራል። ደጋ ላይ ይህ የሰርጉ ጣፋጭ ሰዓት ነው። ሳቢያን፣ በ8 ሰዓት፣ በሩ ወደ ምዕራብ የሚያይ ግቢ ፊት ለፊት፣ መቶ የሚጠጋ ሰው አስፋልት ላይ ቆሞ ግን ሌላ ነገር ነው። ከውስጥ ሆኜ «ክፈቱ!» ብል የከበሮው ድምፅ ዋጠኝ። አንዷ አክስቴ «ቆይ እንጂ፣ ገና ሙቀቱን አላየነውም!» አለችኝ፤ የጭፈራውን ሙቀት ማለቷ ነው። ከውጭ ያሉትም «አይ፣ ይበቃናል፣ ፀሐይ ነው» አይሉም፤ ማን እንግዳ ሆኖ ይላል? ሃያ አምስት ደቂቃ ሄደ።

የሙሽራው ትልቅ አክስት የወደቁት በሩ ሊከፈት ሲል ነው። መውደቅ እንኳ አይባልም፤ ቀስ ብለው አጥሩን ተደግፈው ቁጭ አሉ፣ ከዚያ ወደ ጎናቸው ዘንበል። ከስልሳ አምስት ዓመት በላይ ናቸው፣ ከደብረ ብርሃን የመጡ፣ ጥልፍ ቀሚስ ለብሰው ከላይ ኩታ የደረቡ።

ከሁለት ጎረምሶች ጋር ተሸክመን በቅርብ ወዳለው ወደ ሐጃ በረንዳ አስገባናቸው። ፊታቸው ገርጥቷል፣ ላባቸው ይወርዳል፣ እጃቸው ቀዝቅዟል። መጀመሪያ ማወቅ የፈለግኩት ልባቸውን እንዳልሳቱና እንዳልተምታታባቸው ነው።

«እማማ፣ የት እንዳሉ ያውቃሉ?»

ዓይናቸውን ገለጥ አድርገው አዩኝ። «ሰርግ ላይ ነኛ። የኔ ልጅ፣ አንተ ነህ የጠፋህ።»

በሕይወቴ እንደዚያ ደስ ያለኝ ስድብ የለም። የሰውነት ሙቀት ከ40 ዲግሪ አልፎ፣ ሰው ሲቃዥ፣ ሲንቀጠቀጥ ወይም ራሱን ሲስት ነገሩ የሙቀት ምት ነው፤ ያ ሰው እየተቀዘቀዘ ወደ ሆስፒታል መሮጥ አለበት፣ በአፉም ምንም አይሰጠውም። የእሳቸው ሙቀት 38.3፣ የልብ ምታቸው 112፣ የደም ግፊታቸው 90 በ60 ነበር። የሙቀት ድካም ነው፤ ተመልሶ የሚስተካከል፣ ቸል ካሉት ግን ወደዚያኛው የሚሄድ። ሹፌር መኪናውን አስነሥቶ በር ላይ እንዲቆም አደረግሁ። አስተኝተን እግራቸውን በትራስ ከፍ አደረግን፤ መቀነታቸው ተፈታ። ሐጃ የእሳቸውን ነጠላ ጄሪካን ውስጥ ነክረው አንገታቸውና ደረታቸው ላይ ጣል አደረጉት፤ ልጃቸው ሰፌድ አምጥታ ታራግብ ጀመር። እርጥብ ጨርቅና ነፋስ አንድ ላይ፤ ከዚያ የተሻለ መሣሪያ በዚያ ሰዓት አልነበረኝም፣ አላስፈለገኝምም። ኦአርኤስ የሚባለውን የጨውና የስኳር ዱቄት በአንድ ሊትር ውሃ በጥብጬ በትንሽ በትንሹ አጎነጨኋቸው። ለክፉ ቀን ማወቅ ለሚፈልግ፦ ኦአርኤስ ከሌለ አንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ፣ ስድስት ልክ ልኩን የተሞላ የሻይ ማንኪያ ስኳር፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው።

አርባ ደቂቃ ያህል ቆይቶ ፊታቸው መለስ አለ። የደም ግፊት መድኃኒት ይወስዱ እንደሆነ ስጠይቅ ከጡታቸው ሥር በፌስታል የተቋጠረ አወጡ፤ አንዱ የሚያሸና ኪኒን ነው። ውሃ የሚያስወጣ መድኃኒት ጠዋት ውጠዋል። ከሆቴል ሲወጡም፣ አውቶቡሱ ውስጥም፣ በሩ ላይም ለሁሉም ሃይላንድ ታድሏል፤ ያንን ያዘዝኩት እኔ ነኝ። የእሳቸው ሃይላንድ ሳይከፈት ቦርሳቸው ውስጥ ነበር።

«እማማ፣ ምነው አልጠጡ?»

ልጅቷ እስክትርቅ ጠበቁ። ከዚያ በሹክሹክታ፦ «ከዚያ ሁሉ ወንድ መሃል፣ በማላውቀው ቤት፣ ሽንት ቤቱ ወዴት ነው ልበል?»

ደብተሬ ላይ ያልነበረው

ደብተሬ ላይ ድንኳን፣ ሰዓት፣ ውሃ፣ ጄኔሬተር፣ ኦአርኤስ ነበሩ። ሽንት ቤት አልነበረም። ለ350 ሰው ድግስ ግቢያችን ውስጥ ያለው አንድ ነው፤ እሱም ቢራ ከያዙት ወንዶች ጠረጴዛ ጀርባ። ያን ቀን ማታ ዞር ዞር ብዬ ሴቶቹን ሳያቸው ያልተከፈተ ሃይላንድ የያዙት አሮጊቶቹ ነበሩ። የእኛም፣ የእነሱም። አያቴን ጠየቅኋት። «እኔማ ሰርግ ስሄድ ከጠዋት ጀምሮ አልጠጣም፤ ሁሌም» አለችኝ፣ እንደ ጥሩ ጠባይ። አስከትላም «ግንቦት ብያችሁ ነበር» አለች፤ እድሉን አላሳለፈችውም።

ውሃ ማደል ውሃ ማጠጣት አይደለም። ይህን ጤና ጣቢያ ቁጭ ብዬ ለዓመታት ለእርጉዞችና ለአረጋውያን «ውሃ ጠጡ» ስል የኖርኩ ሰው ሳላውቀው መቅረቴ አሁንም ይከነክነኛል።

ሰኞ ማታ ለነበረው መልስ ሐጃ ግቢያቸውን ለሴቶች ብቻ ከፈቱልን። ሽንት ቤቱ ታጥቦ፣ ውሃና ሳሙና ተቀምጦ፣ በሩ ላይ የአክስቴ ልጅ ቆመች። ሥራዋ ትልልቅ ሴቶችን «እማማ፣ ይምጡ ፊትዎን ይታጠቡ» እያለች መውሰድ ነው። ሽንት ቤት የሚል ቃል ካፏ አይወጣም፤ ፊት መታጠብን ግን እምቢ ያለ የለም። ሲመለሱ ውሃ ይጠጣሉ። ሌላ ያደረግነው የለም። የበሩን ጭፈራም ሙሽሮቹ ሲመጡ ኒሙ ሥር፣ ግቢው ውስጥ አደረግነው፤ ምንም አልጎደለውም።

ስለ ምግቡ

ብዙ የምለው የለም፤ ወጥ ሠሪዋ ከእኔ የበለጠ ታውቃለች። ከ32 ዲግሪ በላይ በሆነ ሙቀት የበሰለ ምግብ ከአንድ ሰዓት በላይ ውጭ ባይቀመጥ ይመረጣል፤ እሷ ይህን በቁጥር ሳይሆን በእጇ ታውቀዋለች። ዶሮውን ከከሰል ላይ አላወረደችውም፤ በየጊዜው ትንሽ ትንሽ ወጣ። ማዮኔዝ ያለው ሰላጣና ክሬም ኬክ ከዝርዝሩ ተሰረዙ፤ ሙሽሮቹ የቆረሱት ድፎ ነው። የሙስሊም እንግዶች ፍየል ሐጃ ግቢ በራሳቸው ሰው ታርዶ በራሳቸው ድስት ተሠራ። የተከራከርነው በቁርጥ ላይ ብቻ ነው። አጎትየው ያለ ቁርጥ ሰርግ ለቅሶ ነው አሉ። እኔ ቅዳሜ የታረደ ሥጋ እሑድ ማታ ጥሬውን አይቀርብም አልኩ። ሁለተኛው በሬ እሑድ በ10 ሰዓት ታርዶ ቁርጡ 2 ሰዓት ላይ እንዲነሣ፣ የተረፈው ጥብስ እንዲሆን ተስማማን። በልተው መረቁኝ።

በውሃው ግን ተሳስቻለሁ። ለአንድ ሰው ሁለት ግማሽ ሊትር ብዬ 700 ሃይላንድ አስገዛሁ፤ ከእነዚህ ግማሹን በየጎረቤቱ ፍሪዘር አስቀምጠን እንደ በረዶ ተጠቀምንበት። ከምሽቱ 2 ሰዓት ተኩል ላይ አለቀ። ቢራው ደግሞ 18 ሳጥን ሳይከፈት ተመለሰ። ሰው ሲሞቀው መጀመሪያ ቢራ ያነሣል፣ ከዚያ ራሱን ሲያመው ውሃ ይፈልጋል፤ እኛ ያሰላነው በደጋ ሰርግ ልክ ነው። ልጆች በየኪዮስኩ ተልከው የተገኘውን ሁሉ ሰበሰቡ። ለመታጠቢያና ለጆንያው የመጣው ቦቴ ባይኖር ኖሮ ሌላም ጉድ ነበር፤ ሮቶአችን ፀሐይ ላይ ስለሆነ ውሃው ለሻይ የሚሆን ነበር።

ማክሰኞ ግንቦት 13 አውቶቡሶቹ የተነሡት ከሌሊቱ 10 ሰዓት ነው፤ አዋሽን ሳይሞቅ እንዲያልፉ። አክስትየው ከሁሉ ቀድመው መጥተው ነበር። ግፊታቸውን ለካሁ፣ ወደ ቦታው ተመልሷል፤ ኪኒናቸውን በተመለከተ ደብረ ብርሃን ያለውን ሐኪማቸውን እንዲያናግሩ በወረቀት ጽፌ ሰጠኋቸው። ሦስት ሃይላንድ ይዘዋል፣ አንዱ ተከፍቷል። ሳሙኝና ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ፦ «መንገድ ላይ ሹፌሩ ይቆማል?»

ወደ ሹፌሩ ሄድኩና ሁሉም እየሰማ፣ አዋሽ ላይ ግማሽ ሰዓት፣ ከዚያ በፊትም ሁለት ጊዜ እንዲቆም ነገርኩት። «ለሚዜዎቹ ነው» አልኩ፣ «ሲጠጡ ነው ያደሩት።» አክስትየው ሃይላንዳቸውን አንሥተው ሲጎነጩ በመስኮቱ አየሁ።